በአንድ ስም የሠሩ ስድስት ሰዎች

በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ስድስት ባለሙያዎችና ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ አምስት የይለፍ ቃል። አንዱ ለሰዓት ፊርማ፣ አንዱ ለናሙና ምዝገባ፣ አንዱ ለመመርመሪያው ማሽን፣ አንዱ ውጤት ለመላክ፣ አንዱ ዕቃ ለመጠየቅ። አንዳንዱ በየሠላሳ ቀኑ፣ አንዳንዱ በየአርባ አምስት ቀኑ ይቀየራል። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ይዘጋበታል። ለማስከፈት ኮምፒውተር ክፍል መደወል አለበት፤ እዚያ ያሉት አንስተው እስኪከፍቱለት ድረስ በአማካይ አርባ ደቂቃ ይሄዳል።

ስለዚህ መላ ዘየዱ። ጠዋት ቀድሞ የገባው ሁሉንም በራሱ ቃል ይከፍታል፤ ሌሎቹ እስከ ሥራ መውጫ በዚያው ይሠራሉ። ቀድማ የምትገባው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለችው፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት አንጋፋ ባለሙያ። የጠዋት ሰላምታቸውም «እትዬ፣ ተከፍቷል?» ሆኖ ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀች እናት የደም ዓይነት ኤ ሆኖ ሳለ ቢ ተብሎ ተላከ። የተዘጋጀው ደም ከመሰጠቱ በፊት ከሷ ደም ጋር ሲመሳከር አልገጥም በማለቱ ሴትዮዋ ተረፈች።

ዳይሬክተሩ እትዬን አስጠሩ።

«ውጤቱ የተላከው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ስሙ የእርስዎ ነው።»

«በዚያ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሕመምተኞችን ደም እየቀዳሁ ነበር።»

«ታዲያ በስምዎ ማን ሠራ?»

«አምስቱም ባልደረቦቼ።»

«አምስቱም ማለት ማንም ማለት ነው። እስከ ዓርብ ሰውየውን ካላወቅን የሙያ ፈቃድዎ ነገር ወደ ኮሚቴ ይሄዳል።»

እትዬ በማይክሮስኮፕ ማየት የለመደ ዓይኗን ወደ ባልደረቦቿ አዞረች። ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ዝም እንዳለ፣ ማን ስልክ ሊያነጋግር ኮሪደር እንደወጣ በማስታወሻ ያዘች። ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ውጤት በሚላክበት ኮምፒውተር ፊት፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ዝቅ ብሎ አገኘችው። ወንበር የምታወርደው አጭሯ ባልደረባዋ፣ የሠርጓ ሚዜ ብቻ ናት።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«ምኑን?»

«ወንበሩ ዝቅ ብሏል።»

«በወንበር ትከስሺኝ ጀመርሽ? ቬሎሽን ተሸክሜ የዞርኩ ሴት ነኝ እኮ!»

«ቬሎ የያዘ ሰው አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። ወንበሩን ያወረድኩት ግን ዛሬ ጠዋት ነው፤ ማክሰኞማ እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ጠይቂ።»

ጠየቀች፤ እውነት ነበር። ሚዜዋ የሻይ ኩባያዋን ከጋራ መደርደሪያው አንስታ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዎች እያወሩ ሦስተኛው ሲገባ ወሬው ይቋረጥ ጀመር። ከኋላው ሰው ባለፈ ቁጥር ዞር የማይል አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ በእጁ ፍጥነት «ጥድፊያ» የሚባለው ባለሙያ እትዬን ዕቃ ክፍል ድረስ ተከተላት።

«እትዬ፣ እኔ ልሁን አልሁን አላውቅም።»

«የራስህን ሥራ እንዴት አታውቅም?»

«ማክሰኞ ሰማንያ አራት ውጤት ወጥቷል። ሠላሳውን እኔ ልኬ ይሆናል፤ የትኞቹን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሁሉም ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው። ያቺ እናት ብትሞት እኮ ገዳይዋ እኔ መሆኔን እንኳ ሳላውቅ ቤቴ ገብቼ ራቴን እበላ ነበር።»

እትዬ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ የፈለገችው ውሸታም ነበር፤ ውሸታም ግን ላይኖር ይችላል።

ዓርብ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባች።

«ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ አይታወቅምም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ግን እርስዎም አምስት ቃል አለዎት አይደል? እስቲ አሁን ይክፈቷቸው።»

«የኔንማ ጸሐፊዬ ናት የምትከፍተው» አሉ ዳይሬክተሩ። ከዚያ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት።

እትዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ፈቃዷ ግን አልተነካም። አምስቱ የይለፍ ቃሎች ወደ ሁለት ወረዱ። ከወንበሩ የተነሳ ሁሉ በራሱ ቃል የከፈተውን ዘግቶ መነሳት ግዴታው ሆነ። ሚዜዋን ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሄዳለች፤ በሦስተኛው ተሰምታለች።

የይለፍ ቃል እንደሚያማርር ማንም አይክድም። ምሬታችሁን ግን ለአለቃ ንገሩ እንጂ ስማችሁን ለሰው አታውሱ፤ ስም በሚዋዋሱበት ቤት ጥፋተኛው ብቻ ሳይሆን ንጹሑም አይታወቅም። አለቆችም ራሳችሁ የማትችሉትን ደንብ በሠራተኛ ላይ አትጫኑ።

በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ላቦራቶሪው አሥራ አንድ ስህተቶችን መዝግቧል። የአሥራ አንዱም ባለቤት በዚያው ቀን ታውቋል።