ዋስሽን ጥሪ

በእልማና መንግሥት፣ የክረምት መውጫ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለች የፈውስ ሐይቅ ደም መሰለ። ነጋሪቱ ዝም አለ፤ ጭፈራው ተቋረጠ። ከሐይቁ መካከል ነጯ ሉማሪ ረጅም አንገቷን ቀና አድርጋ ሕዝቡን አየችው። ከዚያም ከውኃው ወጥታ ወደ ዝጎራ ተራራ ነጎደች። በሽተኛን እየላሰች ስትፈውስ ዘመናት የኖረች ፍጡር አገሩን ትታ ስትሄድ የሚያስቆማት አልተገኘም።

ጠቢባኑ ምክንያቱን ከከዋክብት ሊያነቡ ደከሙ። በሐይቁ በር የዋለ ሰው ሁሉ ግን ያውቀው ነበር፤ ለመናገር አፈረ እንጂ።

ሉማሪ ሕመምን አታጠፋም፤ ታሻግራለች። በሽተኛው ውኃው ውስጥ ሲገባ፣ ዋሱ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ እጁን ያኖራል፤ ሕመሙም ወደ ዋሱ ይሄዳል። መኳንንቱ ሎሌዎቻቸውን ዋስ ያደርጉ ነበር። ሎሌ የሌለው ድሃ ማንን ይጥራ? በዚያው ጠዋት አንዲት እናት በንዳድ የሚቃጠል ልጇን አዝላ መጣች።

«ዋስሽን ጥሪ!» አላት የበሩ አዛዥ።

«ጌታዬ፣ እኔው ልሁንለት!»

«አንቺም ንዳድ ይዞሻል። የታመመ ዋስ አይሆንም፤ ሕግ ነው።»

ልጁ እዚያው በር ላይ፣ በእናቱ ጀርባ እንደታዘለ ሞተ። ያ አዛዥ የንጉሡ ልጅ፣ ልዑል ዴዛን ነበር።

ዴዛን በሃያ ዓመት ዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ራሱን አሞት አያውቅም። ቁስሉ ሳይውል ሳያድር ይገጥምለታል። አዝማሪዎች «ሰማይ የወደደው» እያሉ ያወድሱታል፤ እሱም አምኗቸዋል። ሞኝ አልነበረም፤ የሚጥመውን ወሬ የሚጠላ ማን አለ?

በአባቱ ዙፋን ፊት ሰይፉን መዝዞ ማለ፦ «ሉማሪን ሳልመልስ ብቀር፣ የአባቶቼ ጋሻ አይከልለኝ! ስሜም በእልማና ምድር አይጠራ!»

ሁለት ሰዎች ተከተሉት። አንደኛው ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደው አሮጌ ወታደር ባሻ ጉርማሞ ነው። ሁለተኛዋ ወለንሳ ናት፤ ዴዛንን ያጠባችው ሞግዚት ልጅ። ፊቷን ፈንጣጣ ጠቃቅሶታል፤ አንድ እግሯንም ትጎትታለች። የሉማሪን ልማድ ግን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

«አንቺን ይዞ መንገድ መውጣት በሽታን ስንቅ መያዝ ነው!» አለና ሳቀ ዴዛን።

ወለንሳም ፈገግ አለች። ለምዳዋለች።

በዝጎራ ገደል አፍ ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ፣ ጉልማ፣ ዘሎ ወጣባቸው። ዴዛን አንዱን ራስ በሰይፍ ቀላው። ሁለተኛው ጎኑን በጥርሱ በሳው። ልዑሉ ከመጤፍ ሳይቆጥረው ያንንም ቆረጠና ደሙን ጠረገ። ቁስሉ እንደ ልማዱ ገጥሟል። «አያችሁ?» ብሎ ፎክሮ ዞረ።

ወለንሳ መሬት ላይ ተዘርራለች። ደሟ ከጎኗ ይፈስሳል፤ ልክ እሱ ከተነከሰበት ቦታ።

ዴዛን መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ገባው። በልጅነቱ ከፈረስ ሲወድቅ ያልተሰበረ እግሩ፣ አገር ሲያጠቃ እሱን ያለፈው ፈንጣጣ፣ ሁሉም በወለንሳ ገላ ላይ ሆነው ፊቱ ወድቀው ነበር።

«ባሻ፣ ታውቅ ነበር?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «በተወለዱ በሳምንቱ አባትዎ ሐይቁ ውስጥ ነከሩዎት። የእሷን ጨቅላ እጅ ደግሞ ድንጋዩ ላይ አኖሩት፤ የዕድሜ ልክ ዋስ። ከቤተ መንግሥቱ ሰው ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጌታዬ።»

ልዑሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከሁሉ የከፋው ያ ሳቁ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ተንበርክኮ።

«ብነግርህስ?» አለች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላው። «ትለቀኝ ነበር?»



ታቅፏት ወደ ሉማሪ ዋሻ ገባ። ነጯ ፍጡር አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወለንሳን አሸተተች። «ዋሷ ማን ነው?» ስትል ዋሻው ተንቀጠቀጠ።

«እኔ ነኝ።»

«የሃያ ዓመት ቁስልና ንዳድ ነው። ለአንድ ሰው ይበዛል፤ ትሞታለህ።»

«የእሷን አይደለም፤ የራሴን ነው የምወስደው» አለ ዴዛን። «ግን ወደ አገሬ ተመለሺ።»

«አንዱ እየዳነ ሌላው ሲማቅቅ ማየት ሰልችቶኛል። ንጉሡ ለሁሉም ዋስ ሆኖ እጁን ድንጋዩ ላይ ያኑር፤ አገሩ በሙሉ እሱን ይያዝ። ያኔ ውኃው ውስጥ እገባለሁ።»

ይህን ብላ ወለንሳን ላሰቻት።

ሲመለሱ የስንቁን በቅሎ የምትስበው ወለንሳ ነበረች፤ ቀጥ ብላ እየተራመደች። በቅሎዋ ላይ ፊቱን ፈንጣጣ የበላው፣ እግሩ የተሰበረ፣ ጎኑ የሚደማ ወጣት ተጋድሟል። የበሩ ጠባቂዎች አላወቁትም። ሉማሪ ከኋላቸው መጥታ ከሐይቁ ማዶ ቆመች።

ንጉሡና መኳንንቱ ወደ ድንጋዩ ወረዱ። ባሻ የሉማሪን ቃል ሲናገር አንዱ መስፍን በቁጣ ነደደ። «የጭሰኛ ንዳድ በእኔ ገላ ሊገባ? ይህ ከሆነ ሁላችንም እናልቃለን!»

«ጌታዬ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለ ባሻ።

«ተረት ሰውን አያድንም!»

ክርክሩ ቀጠለ። አንዱ ይጠና አለ፤ ሌላው ሥርዓት ይፈርሳል አለ። ዴዛን ከወለንሳ ክንድ ላይ ሆኖ ቀና አለ።

«አባቴ፣ እዚህ በር ላይ አንድ ሕፃን በሕግ ስም ገድያለሁ። ጤናዬም የሌላ ሰው ነበር። ስሜን ሲያወድሱ የሰማሁበት ጆሮዬ ዛሬ ያሳፍረኛል። እርስዎ አይፈሩ። ዋስ ይሁኑን።»

መስፍኑ ገና ይናገር ነበር፤ ዴዛን ግን ትንፋሹ ቆመ።

ንጉሡ ዘውዳቸውን አውልቀው እጃቸውን ድንጋዩ ላይ ጫኑ። ወለንሳ ትከሻቸውን ያዘች። ባሻ እሷን ያዘ፤ ገበሬው ባሻን፣ ሸማኔው ገበሬውን፣ ልጇን በር ላይ ያጣችው እናት ሸማኔውን። ሰልፉ ኮረብታውን ዞሮ ቆላ ወረደ። ያ መስፍንም በመጨረሻ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የአንድ እረኛ እጅ ያዘ። ሉማሪ ውኃው ውስጥ ገባች፤ ከየመንደሩ በቃሬዛ የመጡት በሽተኞችም ሁሉ ተከትለዋት ገቡ።

የእልማና ሕዝብ በሙሉ አንድ ጊዜ «እህ» ብሎ ሳለ።

ሌላ ነገር አልመጣም። ሰው ሁሉ ሞቱን ሲጠብቅ ቆይቶ እርስ በርሱ ተያየ። ከውኃው ውስጥ በሽተኞቹ በእግራቸው እየተራመዱ ይወጡ ነበር።

ንጉሡ እጃቸውን ከድንጋዩ ሳያነሡ፣ የልጃቸውን ሬሳ እያዩ፣ «ይኸው ነው? ይህን ያህል ብቻ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ ንጉሥ ሆይ» አለች ወለንሳ። «ይህን ያህል ብቻ ነበር።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከሐፍረቱ የተነሣ ቀና ብሎ ያያት ሰው አልነበረም።