ሃምሳ ሰባት ቀይ

በዘርማት ምድር በቀትር ዶሮ ጮኸች፤ አውራው አይደለም፣ ሴቷ። ጠቢባኑም ጢማቸውን እያሻሹ «ክፉ ምልክት ነው» አሉ። ምንጩ ከደረቀ በኋላ ክፉ ነው ማለት ጥበብ ሆኖ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ሦስት ክንፉ ዘንዶ ጉርምድ የምንጩን ዕንቁ ሰርቆ አመድ በለበሰው ተራራ አናት ላይ ተኝቶበታል። ሕግም አውጥቷል። አንድ ፊቱ ቀይ፣ ሌላው ነጭ የሆነ ቅርፊቱን መቶ ጊዜ ይወረውራል፤ ቀይ በወጣ ቁጥር ተፋላሚው አንድ ጠጠር ቅል ውስጥ ይጥላል። መልሱ በቅሉ ውስጥ ያለው ነው። ቅሉ ከድንጋይና ከወርቅ ሌላ አይቀበልም፤ የገባውም የዘንዶው ነው። የተሳሳተ ተፋላሚ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ስድስት ጀግኖች ፎክረው ወጡ። ስድስት ድንጋዮች ሆኑ።

ሰባተኛዋ የሸክላ ሠሪ ልጅ ውብዳር ነበረች። በንጉሡ ፊት ቆማ፣ «ዕንቁውን ሳልይዝ የዘርማትን ውሃ ብጠጣ እሳት ይሁንብኝ!» ብላ ማለች። ውሃ እንደሌለ ማንም አላስታወሳትም። ሽማግሌው አበጋዝ ሞገሴ ተከተሏት። ደረታቸው ላይ ለሰባት ድል ሰባት የወርቅ ፈርጥ አለ፤ ሲተኙም አያወልቁትም።

«አባባ፣ ስንት ጠጠር እንያዝ?»

«መቶ ውርወራ፣ ሁለት ፊት። ሃምሳ ይበቃል። ጀግና ጠጠር ተሸክሞ አይሄድም!»

አናቱ ላይ ሲደርሱ ስድስቱ ድንጋዮች ቅላቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ውብዳር አጮልቃ አየች።

«አባባ፣ አንዱ ቅል ባዶ ነው፣ ሌላው አንድ ጠጠር ብቻ። ምን ሆነው ነው?»

«ሥርዓቱን ጠብቀው ነዋ! ከየውርወራው በፊት ቅል ይገለበጣል። ያለፈ ዕጣ አዲሱን ያረክሳል።»

«ውይ አባባ! በየጉርሻው ሆዱን እያጠበ የሚበላ ሰው መቼ ይጠግባል? ቅል የሚገለበጠው አንዴ ነው፤ ከመጀመሪያው ውርወራ በፊት።»

«የአባቶችን ሥርዓት!»

«ሥርዓቱን የጠበቁት እነዚህ ቆመውልዎታል፤ ይጠይቋቸው።»

አበጋዙ ቅሉን አቀበሏት።

ውብዳር ቅሉን አንዴ ገልብጣ ተቀመጠች። ቅርፊቱ በሰማይ ነበልባል መስሎ ተሽከረከረ። አበጋዙ ለእያንዳንዱ ውርወራ የጦራቸውን ዘንግ በጩቤ ይቀርጻሉ፤ እሷ ለቀይ ትጥላለች፣ ለነጭ እጇን ትሰበስባለች። በሰማንያ ሰባተኛው ቅርጽ ሃምሳው ጠጠር አለቀ። ቀጥሎ የወጣው ቀይ ነው።

ተራራው በጉርምድ ሳቅ ተናወጠ። «ዕጣ ግማሽ ለግማሽ ልትሆን ለማን ማለች?»

ተራራው አመድ ብቻ ነው፤ ጠጠር የለም። አበጋዝ ሞገሴ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ። የመጀመሪያው ፈርጥ ሲነቀል እንደ ጥርስ አመማቸው። «ይኼ የጨለቅ ሜዳ ነው» ብለው ጣሉ። ነጭ ወጣ፣ ቀይ ወጣ። «ይኼ የገደሉ በር።» መቶኛው ውርወራ ቀይ ሲሆን ሰባተኛው ፈርጥ ቅሉ ውስጥ ቃጨለ።

«ስንት?» አለ ዘንዶው።

«ሃምሳ ሰባት!»

ጉርምድ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ሦስቱም ክንፎቹ ረገቡ፤ ወርቁን ታቅፎ ዕንቁውን ገፋላት። ድንጋዮቹም ነፍስ ዘርተው፣ ስድስቱም በአንድ ጊዜ «አንድ!» «ባዶ!» «አንድ!» እያሉ ጮኹ።

«ዝም በሉ፣ አልቋል» አለቻቸው ውብዳር።

ምንጩ ፈነዳ፣ ዘርማት ጨፈረች። ንጉሡ የምንጩን ውሃ በዋንጫ እየጠጡ የአበጋዙን ባዶ ደረት አዩ።

«ሞገሴ፣ ድሎችህ የት ሄዱ?»

«ንጉሥ ሆይ፣ እየጠጧቸው ነው።»