ዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ

የመኪና አካል ጠጋኙ ይግዛው ጃጓር ከምትባል መኪና ሥር ሞቶ የተገኘው የነሐሴ ጭጋግ ንፋስ መውጫ ከተማን በሸፈነበት ማለዳ ነበር። መኪናዋን ያነሣው ክሪክ የቆመበት የቀኝ በር ደፍ በዝገት ተበልቶ ኖሮ ተሰንጥቋል። መኪናዋም ጭንቅላቱ ላይ አርፋለች።

መርማሪው አምሳ አለቃ ቀለመ ወርቅ ከደብረ ታቦር ሲደርስ፣ በመኪናዋ የሚገለገለው ካድሬ ጓድ አዱኛ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው።

«አሻጥር ነው» አለ። «ለአብዮት በዓል የምትወጣ የሕዝብ ንብረት ሊያበላሽ ሲል ራሱን በላ። አጭር ሪፖርት ጻፍና ተመለስ። የአሻጥረኛ ቤተሰብ በቀበሌ ቤት አይኖርም፤ ሚስቱ ነገ ትለቃለች።»

የሟች ሚስት ፈትለወርቅ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። አንዲት ጎረቤት «አልቅሺ እንጂ» ብትላት፣

«አሻጥረኛ እየተባለ አላለቅስለትም» አለች። «መጀመሪያ ስሙን ይመልሱልኝ!»

ቀለመ ወርቅ ተንበረከከ። ከደፉ የረገፈው ቀይ የዝገት ቅርፊት በሟቹ ጆሮ ግንድ በደረቀው ደም ላይ ተበትኗል። እፍ ሲለው ቅርፊቱ በነነ። ተነሥቶ ዙሪያውን ቃኘ። የባሕር ዛፍ ጉማጆች ከግድግዳው ሥር እንደተደረደሩ ናቸው።

«እነዚህ ለምንድን ናቸው?»

«ለመደገፊያ» አለች ፈትለወርቅ። «እነሱን ሳያቆም ከመኪና ሥር አይገባም። ‹ክሪክ የባዕድ እጅ ነው፤ ግንድ የወንድም ትከሻ› ይል ነበር።»

ቀለመ ወርቅ የጋራዡን ሸሪክ አለሙን ጠርቶ፣ ከቀኙ በር ግርጌ የተለጠፈ እርጥብ የቆርቆሮ መድፈኛ ስቱኮ አሳየው።

«ይህ የማን ሥራ ነው?»

አለሙ በጥፍሩ ጫር አደረገውና ፊቱ ተለዋወጠ። «አትስደበኝ እንጂ፣ አምሳ አለቃ! ዝገቱ ሳይፋቅ ስቱኮ የሚለጥፍ ባለሙያ አለ? ማድረቂያውም አንሶታል፤ ይኸው እንደ ሊጥ ይላቀቃል።»

«ከይግዛው ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«በዚህችው መዘዘኛ ነዋ! እኔ ቀለም ቀብተን እንገላገል አልኩ። እሱ አጥንቷ እስኪታይ ካልፋቅሁ ብሎ ገገመ።»

ቀጥሎ ሾፌሩ ተሻገር ቀረበ። ጠጉሩ የሸበተ፣ ጨዋታ ወዳጅ ሰው ነው። ጃጓሯን ግራዝማች ማሬ ከአንድ ፈረንጅ አሮጌዋን ገዝተው ካመጡበት ቀን ጀምሮ ከእሱ በቀር የነዳት የለም።

«አያ ተሻገር፣ ደፉ መበስበሱን ያውቁ ነበር?»

«እኔ መሪ እንጂ ደፍ አልይዝ፣ ልጄ!»

«ግራዝማችስ የት ደረሱ?»

«አብዮቱ እንደባተ ጉና ተራራ ላይ አቁም አሉኝ። ጠመንጃቸውን አንግተው ገደሉን ወረዱ። ሱዳን ናቸው ይባላል። እኔም መኪናዋን ለሕዝብ አስረከብኩ።»

«ከኋላ ነበር የሚቀመጡት?»

«ኧረ! ፍጥነት ወዳጅ አይደሉ? ከጎኔ ነበሩ።»

በመጨረሻ የተጠየቀው አዱኛ ነበር፤ ተቆጣ። «እኔ ስለ ዝገት ምን አውቃለሁ? ይልቅ ተሻገር አክባሪ ነው። ሁልጊዜ ‹በቀኝ ሲገቡ ደፉን አይርገጡ፣ ጓድ› ይለኛል።»

ቀለመ ወርቅ የግራዝማችን ሚስት ወይዘሮ ጥሩዬን አስጠራ። ባሏ በሕይወት አለ ስለተባለች ጥቁር ለብሳ አታውቅም። ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ሲሰበሰቡ መርማሪው በእጁ መሮ ይዞ ነበር።

«ይግዛው መኪና አልገደለውም» ሲል ጀመረ። «ደሙ ትኩስ ቢሆን ኖሮ ዝገቱ በተጣበቀበት ነበር። እኔ ግን በትንፋሼ አበነንኩት። መኪናዋ የወደቀችው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ጉማጆቹም አልተነኩም። ጭንቅላቱን መትቶ የጣለው ሰው ከሥሯ አስገባውና፣ ክሪኩን እንደሚሰበር በሚያውቀው ደፍ ላይ አቆመ።»

«ማነው የሚያውቀው?» አለ አዱኛ።

«ለእርስዎ ደፉን አይርገጡ የሚልዎት፤ ለእኔ ግን አላውቅም ያለኝ።»

ተሻገር ሳቀ። «ለአለቃዬ ስላሰብኩ ነፍሰ ገዳይ ተባልኩ?»

ቀለመ ወርቅ ስቱኮውን በመሮው ፈነቀለ። ከሥሩ፣ ዙሪያውን ዝገት የበላው የጥይት ቀዳዳ ወጣ።

«ጣትህን አስገባ» አለው አለሙን። «የቆርቆሮው ጠርዝ ወዴት ታጥፏል?»

«ወደ ውጭ።»

«ስለዚህ ጥይቱ የተተኮሰው ከውስጥ ነው፤ ከመሪው በኩል፣ ከጎን ወደተቀመጠው ሰው። ቀዳዳውን በስቱኮ የሸፈነው ገዳዩ ነው፤ አለሙ ቢሆን እንዲህ ያለ ስቱኮ አይለጥፍም። ጓድ አዱኛ ወደዚህ አገር የመጡት መኪናዋ ከተወረሰች በኋላ ነው። መሪውን የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይግዛው ዝገቱን መፋቅ ሲጀምር ቀዳዳውን አገኘ፤ ግራዝማች ማሬ ሱዳን አለመግባታቸውን አወቀ።»

ተሻገር ከመሬት ተቀመጠ። «ግራዝማችን የገደልኩ እኔ ነኝ፤ ደም ፈራሁ! ወንድሞቻቸው መች ይምሩኛል? ይግዛውን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። እሱ ግን ‹ለወይዘሮ ጥሩዬ ቁርጡን ንገራቸው፤ ተዝካራቸውን ያውጡ፤ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ።»

አዱኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ፊውዳል መግደል ወንጀል ነው አይባልም...»

«ይግዛውስ ፊውዳል ነበር?» ሲል ቀለመ ወርቅ ጮኸበት። በዚያ ቀን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይህ የመጀመሪያው ነው። «አጭር ሪፖርት አይደል የፈለጉት? ይግዛው አሻጥር አልሠራም። እውነት ሊናገር ሲል ተገደለ። አለቀ።»

ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ ተሻገር ተጠጋች።

«የት አደረግኸው?»

«ጉና... ከመንገዱ በታች። ድንጋይ ከምሬበታለሁ።»

«ስንት ክረምት» አለች ጥሩዬ፣ «ዛሬ ይመጣል እያልኩ መዝጊያዬን ሳልቀረቅር አደርኩ። አንተም በየበዓሉ እየመጣህ ከማዕዴ ትቆርስ ነበር።»

ነጠላዋን አወረደችና ዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ ወደ ፈትለወርቅ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«ስሙን መለሱልሽ» አለቻት። «አሁን እናልቅስ።»

ያን ጊዜ ፈትለወርቅ ጮኸች። አዱኛ «ጸጥታ!» ብሎ ደነፋ፤ የሰማው ግን አልነበረም።