የግመሏ አረማመድ

አሰግድ ከኮምፒውተሩ ፊት ወንበሩ ላይ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን ከኋላ የመታው የበር መቀርቀሪያ ብረት ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ።

የኬንያዋ ሞያሌ ፖሊስ ኢንስፔክተር ዋሪቱ ጅሎ ወደ ሳይበሩ፣ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ፣ ከመግባቷ በፊት ደጃፉ ላይ ቆማ ብዙ አየች። ከሟቹ ክንድ አጠገብ ግማሽ ሻይ የቀረበት ብርጭቆ አለ። የሸሚዙ ደረትና ክርኖቹ በቀይ አፈር ተለውሰዋል።

«ሞያሌ መቼ አፈር ጠፍቶ ያውቃል፣ አፋንዴ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ጀርባው ንጹሕ ነው። ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ይህ ልጅ ዛሬ የሆነ ቦታ በደረቱ ተኝቶ ነበር።»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። በእርሳስ አራት አራት ነጥብ ተደርድሮበታል፤ ከሥሩ «ቀኝ ከቀኝ፣ ግራ ከግራ» ይላል። ኮምፒውተሩን ሲከፍቱት አሰግድ ዓመት ሙሉ የሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ተሰርዟል።

«ሻይ ሻጯን ሀዋኦን ይዘናታል» አለ ፖሊሱ። «በዘጠኝ ሰዓት ስትገባ ታይታለች። ከእሷ በኋላ የገባ ሰው ያየ የለም። ሰኞ ጠዋት ማርሳቢት ፍርድ ቤት ትሄዳለች።»

ቅዳሜ ዋሪቱ ጣቢያ ስትደርስ ሀዋኦ የስድስት ወር ልጇን እያጠባች ነበር።

«ወላሂ ስወጣ በሕይወት ነበር! ‹ሀዋኦ፣ ነይ እዪ፣ ግመሏ ተስተካከለች› አለኝ። እኔም ‹ግመል እንዲህ ከወደድክ ቦሪ መንደር ሄደህ አንዷን አግባ› አልኩት። ሳቀ። ብርጭቆዬን ሳልወስድ ወጣሁ፤ ይኸው ጥፋቴ እሱ ነው።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነበር?»

«የውሃ ጉድጓድ ጨዋታ። ሥዕሉን ከባሕር ማዶ ጨዋታ ነው ያገኘው። ሠሪው ‹ውሰዱት፣ ቁረጡት፣ አዲስ ሥሩበት፣ የሁሉም ነው› ብሎ ለቆታል አለኝ። የዚያን ጨዋታ እስር ቤት የኤላ ጉድጓድ አደረገው፤ ወታደሮቹን ውሃ ቀጂ፤ ፈረሱን ግመል። ይህንን ሁሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፎ አነበበልኝ። ‹እኔም የሠራሁትን ለሁሉም ለቅቄአለሁ› ይላል መጨረሻው።»

የሳይበሩ ባለቤት ደበላ ሄሉ ቤቱ ውስጥ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለን ነው ያደግነው፣ አፋንዴ። ወንድሜን ነው የገደሉብኝ።»

«ዓርብ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ወባ ይዞኝ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም።»

«ጨዋታው ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል።»

ደበላ ቀና አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲዲው እኔ ጋ አለ! ሐሙስ ቀድቶ ሰጠኝ። ለናይሮቢው ውድድር ነው። ያሸነፈ እዚያ ትምህርት ቤት ይገባል። ሥዕሉን በሙሉ የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ቅጹም በስሜ ተልኳል።»

ዋሪቱ ሲዲውን ተቀብላ አመሰገነችው።

የቀሩት አባ ጎዳና ነበሩ፤ የቦሪ ግመል ነጋዴ። ዓርብ ቀትር ላይ ሳይበሩ ውስጥ ሲጮሁ ተሰምተዋል።

«አዎ ጮኽኩ! ልጄ፣ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ አሰግድ ‹ግባና እይልኝ› አለኝ። አየሁ። ግመሏ እንደ ፈረስ ትሮጣለች፤ የቀኝ የፊት እግሯን ከግራ የኋላ እግሯ ጋር ታነሳለች! ‹ይህቺን ግመል ማን ሰደባት?› አልኩት። በኋላ ከብት ገበያ መጣ። መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ የግመሎቼን እግር ሲቆጥር ቆየ። ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ እሱ ግን አልተነሳም።»

እሑድ ጠዋት ሦስቱም ሳይበሩ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሀዋኦ በፖሊስ ተይዛ፣ ልጇን አዝላ ቆመች። ዋሪቱ ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተች። መጀመሪያ «ሥዕል በሙሉ፦ ደበላ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ግመሏ ወደ ጉድጓዱ መራመድ ጀመረች።

«አባ ጎዳና፣ የጮኹባት ይህቺ ናት?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ተጠጉ። እግሯን በጣታቸው ተከተሉ።

«አይደለችም። ያቺ ፈረስ ነበረች። ይህቺ ግመል ናት። ሁለቱን ቀኝ አብራ፣ ሁለቱን ግራ አብራ ትጥላለች።»

ደበላ ከሥዕሉ ዓይኑን አነሳ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ዋሪቱ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ዓርብ ቀትር ላይ ግመሏ ስህተት ነበረች፤ አባ ጎዳና አይተዋታል። ከዚያ በኋላ አሰግድ ገበያ ሄደ፤ የደረቱ አፈርና የኪሱ ወረቀት ይመሰክራሉ። ተመልሶ አስተካከላት። በዘጠኝ ሰዓት ለሀዋኦ አሳያት። ይህ ሲዲ የተስተካከለችውን ግመል ይዟል። ስለዚህ ሐሙስ አልተቀዳም። የተቀዳው ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው፤ የቀዳው ሰው ከአልጋ አልወረድኩም ብሎኛል።»

«አሰግድ... ወደ ቤት አምጥቶልኝ ይሆናል...»

«ሐሙስ ሰጠኝ ያልከው አንተ ነህ። የመጀመሪያው ገጽም ተቀይሯል። ሥዕሉ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ጽሑፍ የለም። ያ ጽሑፍ ካለ በቅጹ ላይ የጻፍከው ውሸት ይሆናል። ዓርብ መጥተህ አጥፋው አልከው፤ እምቢ አለህ። አሥራ አምስት ዓመት ግመል በሞላበት አገር ኖረህ፣ ደበላ፣ አንድ ቀን እግሯን አላየህም። ያየህ ቢሆን ሲዲውን ባልሰጠኸኝ ነበር።»

ደበላ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«በጓሮ በር ገባሁ። ‹የሌላ ሰው ሥዕል ነው በል› አለኝ። ይስቁብናል አልኩት፤ ለማኝ ይሉናል። ዕድሜ ልካችንን የተሰጠንን ስንበላ ኖርን... አንዴ የራሴ የሚባል ነገር ፈለግሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ መሥራቱን ቀጠለ።»

ዋሪቱ የውድድሩን ደንብ ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥታ አምስተኛውን መስመር አነበበች፦ «ለሁሉም የተለቀቀ ሥራ ወስዶ አዲስ መሥራት ይፈቀዳል፤ ምንጩ ይጠቀስ።»

ደበላ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ፖሊሱ የሀዋኦን ክንድ ለቀቀ። እሷ ወዲያው አልወጣችም። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብርጭቆ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«አሁን ይህ ነገር የማን ነው?» አለች።

«የሁሉም» አሉ አባ ጎዳና። «በእኛ ዘንድ የኤላ ውሃ ለመጣ ሁሉ ነው። የቆፈረው ሰው ስም ግን ይጠራል። ልጄ፣ ያንን የደበላን ጽሑፍ አጥፊልኝ። የፊተኛውን ሠሪ ስም ጻፊ፤ ከሥሩ አሰግድ በይ።»

ዋሪቱ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ግመሏ፣ ቀኝ ከቀኝ፣ ግራ ከግራ፣ ወደ ውሃው ትራመዳለች።