እትዬ ዘመናይ ሱቃቸውን የዘጉ ለት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቬሎ ለብሳ ያገባች ሴት ሁሉ እትዬ ዘመናይ መስታወት ፊት ቆማለች። እናቷም ቆማለች። ከይጁቤና ከቁይ ሳይቀር ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ሚኒባስ ሞልታ ትመጣ ነበር። መንገዱ ሲዘጋጋ ግን ሙሽራውም ቀረ። ሰርግ ቢኖርም ያለ ዘፈን፣ ያለ ቬሎ፣ በጸጥታ ሆነ። እትዬ ዘመናይም የቬሎ ሱቃቸውን ሊዘጉ ቆረጡ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እዚያ ጠራጊም፣ መርፌ አቀባይም፣ ወሬ ለቃሚም ነበርኩ። ልብስ ሰፊዋ እህቴ የብርጓል ናት።

ዲያቆን አምደሚካኤል መጀመሪያ የመጣው ካባ ሊያሰፋ ነው። ተክሊል የሚያደርጉ ሙሽሮች የሚደርቡት፣ ወርቃማ ጥልፍ ያለው የደብሩ ካባ ጠርዙ ተተርትሮ ነበር። እህቴ ሰፋችለት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ያው ካባ፣ ያው ጠርዝ።

«ዲያቆን፣ ይኼን ካባ አይጥ ነው እንዴ የሚበላው?» አልኩት።

«ክሩ ነው መሰለኝ» አለ ጫማውን እያየ።

«አይጧ ምላጭ ይዛለች።» ክሩ በስለት መቆረጡን ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም።

«አንቺ ሂዊ፣ አፍሽን ሰብስቢ» አለችኝ እህቴ። ቀና ብላ ግን አላየችውም። እሱም አላያትም። ሁለቱም የሚያዩት ካባውን ነበር። እጃቸው ካባው ላይ ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው ቆሞ ቀረ።

እሱ ሲወጣ ስፌቷን አየሁት። ቬሎ ጥቅጥቅ አድርጋ የምትሰፋ ልጅ፣ ለካባው ሲሆን ዘርዘር አድርጋዋለች።

«እንዲህ ከሰፋሽው እኮ ቶሎ ይፈታል።»

«ይፈታ» አለችኝ።

እንዲህ እያሉ ክረምቱ ወጣ። አንድም ቀን እወድሻለሁ ሲላት አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ከእነሱ አንስቼ ደግሞ አላውቅም።

ከዚያ አባታችን ከይጁቤ ላከብን። «ሱቁ ከተዘጋ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳችኋለሁ። የብርጓልን የጠየቀ ሰው አለ።»

ሐሙስ ዲያቆኑ ካባውን ሊወስድ መጣ። ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው።

«ዛሬ አጥብቀሽ ሰፋሽው» አለ።

«ሱቁ ይዘጋል። ከእንግዲህ ማን ይሰፋዋል?»

«አንቺስ?»

«ቅዳሜ አባቴ ይወስደኛል። ጠያቂ መጥቷል።»

ካባውን አጠፈው፤ መልሶ ፈታና እንደገና አጠፈው። ከዚያ ሳይሰናበተን ወጣ። እህቴ ስፌት መኪናው ላይ አቀረቀረች፤ መኪናው ግን ድምፅ አላሰማም።

ቅዳሜ ሱቁ ባዶ ሆነ። ትልቁን መስታወት ሁለት ሰዎች ተሸክመውት ሲወጡ፣ ሰማዩንና መንገደኛውን እያሳየ ሄደ። ወንበርም ሶፋም ተሸጧል። እትዬ ዘመናይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ስንቷን የምታለቅስ ሙሽራ ያባበሉ ሴት፣ እሳቸውን የሚያባብል አጡ። በእግሩ የመጣው አባቴ ጎንበስ ብሎ ጓዛችንን ያስራል።

በዚህ መሐል ሦስት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። መሐል ያሉት የዲያቆኑ መምህር፣ የኔታ ወልደ ሰንበት ናቸው።

«ይጁቤ ድረስ ልንመጣብህ ነበር፤ መንገዱን አሳጠርክልን» አሉት አባቴን።

«ምን እግር ጣላችሁ፣ የኔታ?»

«ልጅህን ለልጃችን ለአምደሚካኤል ልንለምን ነው። ቅስና ሳይቀበል ማግባት አለበት፤ ሌላ አላገባም አለን። እኛም የደብሩን ካባ ከምላጭ የምናድንበት ሌላ መላ አጣን።»

እትዬ ዘመናይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

«ሌላም ጠያቂ አለ» አለ።

«ሰምተናል። ቃል ሰጥተሃል?»

«አልሰጠሁም።» ወደ እህቴ ዞረ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

የብርጓል ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ አፌን ልከፍት ስል እትዬ ዘመናይ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ዝምታዋን አባቴ ራሱ እንዲሰማው ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌ ልመናው እሺ እስኪባል አይቀመጥም። የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» ካላቸው ልጁን ሰጠ ማለት ነው። አባቴ እህቴን ብዙ አያት። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘ። አንድ በርጩማ እንኳ አልነበረም።

ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ሲሚንቶው ላይ አነጠፈው፤ ጫፍና ጫፉን በእጁ አቃናው።

«ተቀመጡ፣ የኔታ» አለ።