የረቡዕ ቅጂ

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ የተገኘው ከሰርቨሩ ክፍል በር ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ክፍሉን ሞልቶት የነበረው፣ ትንፋሽ የሚያሳጣው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ወጥቶ አልቋል፤ ማሽኖቹ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያጓራሉ።

ሰርቨሩ የተበላሸው የዚያኑ ዕለት፣ ዓርብ ጠዋት ነበር። የበሽተኞች መረጃ በሙሉ አብሮ ጠፋ። ሟቹ ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «አትረበሹ፤ ሐሙስ ማታ የተቀዳ ባካፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለ፤ ከእሱ እመልሰዋለሁ» ካለ በኋላ ወደ ምድር ቤት ወረደ። በሕይወት አልወጣም።

መርማሪዋ ጣሪያውንና የማሽኖቹን ጀርባ በጥንቃቄ አየች። ጥላሸት የሚባል የለም። የሟቹ ጥፍሮች ተሰባብረዋል፤ በሩ በውስጥ በኩል ተቧጭሯል።

መጀመሪያ ያስጠራችው የሆስፒታሉን ኤሌክትሪሺያን፣ የሟቹን ሚስት ወንድም ነው።

«ጋዙ በራሱ ይለቃል?»

«ጭስ ከሌለ አይለቅም። ያለዚያ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ሰው መጫን አለበት። የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«ከሟቹ ጋር ተኳርፋችኋል ይባላል።»

«እናቴን ማን ወስዶ ይጡር በሚል ተጋጭተን ነው።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ይኸው ሳንታረቅ ቀረን። እህቴን ምን ብዬ ልንገራት?»

«የጋዙ ማንቂያ ደወል ሲጮህ የት ነበርክ?»

«ጀነሬተሩ ጋ። ብቻዬን።»

አስከሬኑን ያገኘችው የሟቹ ረዳት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የሕሙማን ክፍሎቹን እየዞርኩ በወረቀት መዝግቡ እያልኩ ነበር» አለች ረዳቷ። «ደወሉን ስሰማ ሮጬ መጣሁ።»

«በሩ ላይ ምን ነበር?»

«ምንም። ባዶ የበሽተኛ መግፊያ ስትሬቸር ብቻ። እሱን ገፋ አድርጌ ከፈትኩ።»

«ዝም ብሎ ተገፋልሽ?»

ረዳቷ አሰብ አደረገች። «የለም፤ ፍሬኑ ተይዞ ነበር። በእግሬ አላቀቅኩት።»

መርማሪዋ ጠባቡን ኮሪደር በዓይኗ ለካች። ስትሬቸር በበሩና በፊት ለፊቱ ግድግዳ መሃል ከገባ፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው በር አይንቀሳቀስም። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ስትሬቸር አይቶ የሚገረም የለም።

«ሥራው የት ደርሶ ነበር?»

ረዳቷ ስክሪኑን አሳየቻት። «የሐሙሱ ዲስክ አልነበብም ብሎታል። በምትኩ የረቡዕ ማታውን ዲስክ ሰክቷል። ጋዙ ማሽን ስለማይነካ አሁንም መረጃውን እየመለሰ ነው።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አሁን ገና ማየቴ ነው።»

«አትንገሪ። እንዳታቋርጪውም።»

ወደ ምድር ቤት ሲወርድ የታየ ሌላ ሰው የሕፃናት ክፍል ሐኪም ብቻ ነው። መርማሪዋን በትሕትና ተቀበላት።

«መቼ እንደሚያልቅ ልጠይቀው ወርጄ ነበር። በሩ ዝግ ስለሆነ ሳናወራ ተመለስኩ።»

«ከባድ ቀን ሆነባችሁ።»

«እሱስ ይቅር። የሐሙስ ሥራዬን በሙሉ እንደ አዲስ ልጽፈው ነው።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በረዳቷ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰውዬው በአደጋ አልሞተም» አለች። «በሩ በስትሬቸር ተይዞ፣ ጋዙ በእጅ ተለቆበት ነው የሞተው።» ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረች። «አንተ ብትሆን ኖሮ ብልሽት ነው ብለህ ትገላገል ነበር፤ ቁልፉን ሰው ተጭኖታል ያልከኝ ራስህ ነህ።» ቀጥላ ወደ ረዳቷ፣ «ስለ ፍሬኑም አንቺ ባትነግሪኝ ማንም አያውቅም ነበር። ዶክተር፣ የሐሙስ ሥራዎ እንደጠፋ ማን ነገረዎት?»

«ሁሉም የሚያውቀው ነው።»

«ሁሉም የሚያውቀው የሐሙሱ መረጃ እንደሚመለስ ነው። ሟቹ ራሱ ተናግሯል። በረቡዑ መተካቱን ሊያውቅ የሚችለው፣ ስክሪኑን ካየችው ረዳቱ ሌላ፣ ዲስኩ እምቢ ካለ በኋላ ሟቹን ያነጋገረው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ሳናወራ ተመለስኩ ብለውኛል።»

«ገምቼ ነው» አለ ሐኪሙ።

«ነርሶቹን ጠይቄአለሁ፤ ሐሙስ ንጋት ላይ በክፍልዎ አንዲት ሕፃን ሞታለች። ፋይሏን ክፈቺልን፤ ረቡዕ ማታ እንደነበረው።»

መረጃው ተመልሶ አልቋል። ረዳቷ ፈልጋ ከፈተች፤ ያነበበችውም ቀስ ብላ ነው። «ፔኒሲሊን አይስማማትም። ነርሷ ናት የጻፈችው። እናቷ እንደተናገረች ይላል።»

ሐኪሙ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ሳላነብ ነው ያዘዝኩላት» አለ። «ማስታወሻውን ሐሙስ ዕለት አጠፋሁት። የሐሙሱን ጠግነው ብዬ ለመንኩት። አይሆንም፣ ያለኝ የረቡዑ ነው አለኝ። እሱ ከሞተ በኋላ ዲስኩን አወጣለሁ ብዬ ነበር፤ ደወሉ ሰው ጠርቶ ቀደመኝ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ፖሊሱ በክንዱ ያዘው።

ሐኪሙን ይዘውት ሲወጡ ረዳቷ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «ዶክተሩ እናትየዋ ስለ ፔኒሲሊኑ አልተናገረችም ብሎ ነበር እኮ። እሷም ረስቼ ልጄን ገደልኳት እያለች ነው የወጣችው።»

«ስልኳ አለ?»

«እዚሁ አለ።»

«አንብቢልኝ።»

መርማሪዋ ራሷ ደወለች። ከወዲያ ማዶ የደከመ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«እህቴ» አለች መርማሪዋ፣ «ተናግረሽ ነበር።»