ሰባተኛው ቅልጥም

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ አልቀየማችሁም፤ በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ሌሊት አይደለም። ጨለማም የለበትም።

ሞጣ ከተማ፣ ረቡዕ ቀን፣ በቀትር... ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሥርጉት እባላለሁ። ቢቸና የሒሳብ መምህርት ነኝ። ሰባት ካልኩ ሰባት ነው። ይህችን ያዙልኝ።

ታናሽ እህቴ መክሊት ያገባችው ሞጣ ነው። በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ከተገላገለች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። ብዙ ደም ፈሷታል። ከአልጋ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል፤ ጡቷም በቂ ወተት አልያዘም። ሲያስታምሟት የሰነበቱት አማቷ በዚያው ጠዋት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ባሏ ባምላኩ ደግሞ ለመስክ ሥራ ግንደወይን ነው።

ስለዚህ እኔ በዋዜማው ማታ ሄድኩ። የቤታችንን ሾርባ ልሠራላት።

በእኛ ቤት አራስ የምትጠገነው በአጥንት ሾርባ ነው። የበሬ ቅልጥም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጥቁር አዝሙድ፣ ከኮረሪማና ከጦስኝ ጋር በከሰል እሳት ከማለዳ ጀምሮ ቀስ እያለ ይንተከተካል። እናታችን እኔንም መክሊትንም ስትወልድ የጠጣችው እሱን ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት አብራኝ መምጣት አልቻለችም። በስልክ ግን እስክደርስ ድረስ ፋታ አልሰጠችኝም።

«አጥንቱን ቆጥረሽ አስገቢ፣ ቆጥረሽ አውጪ።»

«እሺ እማዬ።»

«አራሷን ብቻዋን እንዳትተያት።»

«እሺ።»

«የፈላ ውሃ ውጭ ስትደፊ በስመ አብ በይ። በተለይ በቀትር! ሳታስጠነቅቂ እንዳትደፊ።»

«ማንን ነው የማስጠነቅቀው?» ብዬ ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም።

ሰባት ቅልጥም አስገባሁ። መክሊት እንድትስቅ ብዬ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ጮክ ብዬ ነው የቆጠርኩት። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ጨው መቅመስ አልቻልኩም። እሷ አራስ ናት፤ ጾም አይመለከታትም።

«ስትጠጪ አንቺው ትነግሪኛለሽ» አልኳት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ማድ ቤት ነበርኩ። ማድ ቤቱ አንዱ በሩ ወደ ቤት፣ አንዱ ወደ ጓሮ ነው። የሾርባውን ሳህንና ጭልፋ በፈላ ውሃ አለቀለቅሁ። ስልኬ ጮኸ። ዳይሬክተራችን ናቸው፤ የፈተና ውጤት ይጠይቃሉ። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ውሃውን በጓሮ በር... ሿ!

በስመ አብ አላልኩም።

ጓሮው ካለው ጌሾ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም። ሰው እሳት ሲፈጀው ትንፋሹን ወደ ውስጥ እንደሚስበው ነው...

«እስስስ...»

ድመት ትሆናለች ብዬ አየሁ። ድመት የለም። እርጥቡ መሬት ይጨሳል። መሐሉ ላይ ግን ውሃ ያልነካቸው ሁለት ደረቅ ቦታዎች አሉ።

የሁለት እግር ያህል... ጎን ለጎን።

ዳይሬክተሩ ማውራታቸውን ቀጥለዋል። እኔ ጌሾውን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ሳህኑ ካስቀመጥኩበት የለም። አሁን ካጠብኩት ጭልፋ ላይ ስብ ይንጠባጠባል።

ወደ መክሊት ሮጥኩ።

ትራስ ተደግፋ ልጁን ታጠባለች። ሳህኑ አጠገቧ ነው። ባዶውን።

«ይጣፍጣል» አለችኝ፣ እየጠባ ያሸለበውን ልጅ ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ። «ጨው ግን የለውም።»

«ማን ሰጠሽ?»

«እንዴ! አንቺ ነሻ። አሁን።»

ከዚያ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ፊትሽን ግን... ምን ነክቶት ነበር? ከፊሉን በሻሽ ሸፍነሽው ነበር። በዚህ በኩል ቀልቶ ቆዳው ተልጦ...»

ፊቴን ዳሰስኩት፤ ደህና ነው።

«ሌላ ምን አልኩሽ?»

«ልጁን ስጪኝ አልሽኝ። ጠብቶ ይተኛ አልኩሽ። ‹ጨው ይዤ እመለሳለሁ፤ ያኔ ትሰጪኛለሽ› ብለሽ ወጣሽ።»

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ... መክሊት ሾርባውን እኔ ሳልሰጣት ጠጣች።»

«በስመ አብ!» አለች። ከዚያ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች።

«አጥንቱን ቁጠሪ። ከጎደለ ያ የቀትሩ ነገር ቤት ገብቷል ማለት ነው። ልጁን ለማንም...»

ተቋረጠ። ደግሜ ብሞክር ኔትወርክ የለም።

እህቴን ብቻዋን መተው አልቻልኩም። ሮጬ ድስቱን ከነትኩሳቱ ተሸክሜ ወደ ክፍሏ አመጣሁትና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። በጭልፋ እያወጣሁ ቆጠርኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት... ስድስት...

የድስቱን ሥር ፈተሽኩ። ዝንጅብል። ሽንኩርት።

«ሰባት ነበር» አለች መክሊት። «ስትቆጥሪ ሰምቼሻለሁ።»

ያኔ ነው ከማድ ቤት የተሰማው።

ጧ...

ጧ...

ጧ...

ቅልጥም የበላችሁ ታውቁታላችሁ። መቅኑ እንዲወጣ አጥንቱ ሲመታ ነው።

ቆመ። የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ጋ ደረሰ።

«መክሊትዬ... ጨው አመጣሁልሽ። ክፈቺልኝ።»

ድምፁ የእኔ ነው።

መክሊት በሩን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ... ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ከእኔ ነው የሸሸችው!

«የትኛዋ ነሽ?» አለች።

«መክሊት፣ እኔ ነኝ!»

«መክሊት፣ እኔ ነኝ!» አለ ከበሩ ውጭ።

እንባዬ መጣ። ምን ብዬ ላስረዳት? የምለውን ሁሉ ያም ይለዋል።

በእጇ ጠራችኝ።

«ጠጋ በይ። ተንፍሺብኝ።»

ተነፈስኩባት። ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። አሸተተችኝና ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

«ያቺ ከሳህኑ ፉት ስትል አይቻታለሁ። ረቡዕ መሆኑን ረስታ ነው ብዬ ዝም አልኩ... እንዳትከፍቺ!»

አልከፈትኩም። የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ይዞራል። ይመለሳል። ይዞራል። አቡነ ዘበሰማያት እያልን ስንት ጊዜ እንደደገምን እኔ የሒሳብ መምህሯ አልቆጠርኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔትወርክ ተመለሰ። ስንደውልለት ባምላኩ ወደ ቤት እየመጣ ነበር። ደርሶ በስልክ «በሩ ላይ ነኝ፣ ማንም የለም» እስኪለን ድረስ አልከፈትንም።

ማድ ቤቱ ባዶ ነው። ሰባተኛው ቅልጥም ምድጃው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። መቅኑ የለም። ስነካው ገና ይፋጃል። አረንጓዴ ክዳን ያላት የመክሊት የጨው ዕቃም የለችም።

እዚያ ቤት ማን ያድራል? ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን አራታችንም ወደ ቢቸና... ወደ እናቴ ቤት። መንገዱን ሁሉ ስደውልላት አታነሳም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ገና አልመሸም። እናቴ ምርኩዟን ይዛ በሩን ከፈተችልን። አልደነገጠችም። ከቤት ውስጥ የኮረሪማና የጦስኝ ሽታ መጣ።

«ገባችሁ? እንዳልሽኝ ጥጄዋለሁ» አለችኝ።

«መቼ ነው ያልኩሽ?»

«ቅድም መጥተሽ ነዋ! ሁሉም ሰላም ነው፣ ልጁን ይዘው ይመጣሉ አላልሽኝም? አጥንቱንም ያመጣሽው አንቺው ነሽ።»

በትከሻዋ በኩል ወደ ውስጥ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ክዳን ያላት የጨው ዕቃ አለች።

እናቴ እጇን ዘርግታ ጉንጬን ዳበሰችኝ።

«ፊትሽ... ዳነ እንዴ?»

ከጓዳ ጧ አለ።

ጧ...

ጧ...

መክሊት እቅፍ ውስጥ ያለው ልጅ አለቀሰ።

የጓዳው ድምፅ ቆመ።